ዘሩ ወይስ መኖው? በዓሣ ኩሬ ሳያኖባክቴሪያ ላይ ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ በዓሣ ኩሬ ጎጂ ሳያኖባክቴሪያን (እንደ አልጌ በብርሃን የሚያድጉ ባክቴሪያዎችን) ለመቆጣጠር ጠቃሚ አልጌ መዝራት ከኬሚካል ይሻላል።

ደጋፊ፦
ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ኩሬ ሲወርር ብዙ አርቢ የሚሮጠው ኮፐር ሰልፌት ወደተባለው የመዳብ ኬሚካል ነው። መዳቡ ሴሉን ያፈርሰዋል፤ በውስጡ የነበረው ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ ወደ ውሃው ይፈስሳል። የሞተው ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ንጋት ላይ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይገኛል። ክሎሬላና ዳያተም የተባሉት ጠቃሚ አልጌዎች ግን ብርሃኑንና ምግቡን ቀድመው ይይዛሉ፤ የዓሣ ጫጩት ቀለብ የሆኑትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት፣ ሞይናና ዳፍኒያንም ይመግባሉ። ንጹህ ዘር አሳድጎ ማፍሰስ ነው፤ ከዚያ ውሃው ራሱን ያስተካክላል።

ተቃዋሚ፦
«ውሃው ራሱን ያስተካክላል»? እስቲ እናስላው። 1,000 ካሬ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ሴል ያለው ወፍራም ዘር 10,000 ሊትር ቢያፈሱበት፣ መቶ እጥፍ ቀጥኖ በሚሊ ሊትር 100,000 ሴል ብቻ ይሆናል። ማይክሮሲስቲስ በሴሉ ውስጥ የጋዝ ፊኛ ስላለው ወደ ብርሃን ይንሳፈፋል፤ የእርስዎ ክሎሬላ ከሥሩ በጥላ ይቀራል። ዳያተም ደግሞ ከሲሊካ (መስታወት መሰል ማዕድን) የተሠራው ቅርፊቱ ስለሚከብደው ይዘቅጣል። ታዲያ በምኑ ነው የሚስተካከለው?

ደጋፊ፦
በአረንጓዴ ቅባት በተሸፈነ ኩሬ ላይ ዘር ይፈስስ ያለ የለም። ዘር የሚገባው ኩሬው ደርቆ፣ ጭቃው ወጥቶ፣ አዲስ ውሃ በተሞላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ዝግጅቱ ግን ቀድሞ ይጀምራል፤ 1 ሊትር ዘር በየደረጃው 10 እጥፍ እየሰፋ 10,000 ሊትር ለመድረስ 4 ዝውውር ይፈልጋል፣ እያንዳንዱም ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በየዝውውሩ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ሮቲፈር የተባለ አልጌ በል ደቃቅ እንስሳ ከገባበት በጥቂት ቀናት በልቶ ይጨርሰዋልና ያ በርሜል ይደፋ። ወደ ኩሬው የሚገባው ውሃም ዘሩን የሚበሉትን ዳፍኒያና ሞይና እንዳያስገባ በጠባብ ወንፊት ይጣራ። ለዳያተም ቅርፊት ሲሊካ ያለው ሶዲየም ሲሊኬት ይሰጥ፤ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ከፍ ስለሚያደርግ በውሃ ተበጥብጦ፣ በትንሽ በትንሹ። ለአልጌው ምግብ የሚሰጠው ናይትሮጅን ናይትሬት የተባለው ዓይነት ይሁን፤ ዩሪያ ማዳበሪያ ለሳያኖባክቴሪያ ያደላል። አየር ማስገቢያው ቀንም ይሥራ። ውሃው ሲገላበጥ ዳያተም አይዘቅጥም፣ የጋዝ ፊኛውም ጥቅሙ ይቀንሳል።

ተቃዋሚ፦
ማድረቅ፣ ጭቃ ማውጣት፣ ማጣራት፣ ሲሊካ፣ ናይትሬት፣ አየር፦ ይህ ሁሉ የሰው ሥራ ነው። «ራሱን» ያሉት የትኛው ነው? ሞይናና ዳፍኒያም ከቀለብነት ወደ ጠላትነት ዞሩ። ዋናውን፣ መኖውን ግን አልነኩትም። 1 በመቶ ፎስፎረስ ያለው መኖ 100 ኪሎ ሲበተን 1 ኪሎ ፎስፎረስ ይገባል፤ ዓሣው በሰውነቱ የሚያስቀረው ከግማሽ በታች ነው። ቀሪው ውሃውና ጭቃው ውስጥ ነው። ፎስፎረሱ በዝቶ ናይትሮጅን ሲያጥር አናቤና የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ናይትሮጅኑን ከአየር ይወስዳል፤ ክሎሬላ ይህን አይችልም። ዘርዎ ዓሣ ቀላቢ ሳይኾን ለሳያኖባክቴሪያ ማሳ አዘጋጅ ነው የሚሆነው።

ደጋፊ፦
በአንዲት ቃሌ ሁለት ጊዜ ተመላለሱባት። ይሁን፣ «ራሱን» ማለቴ ልክ አልነበረም። ነገር ግን ወራት የሚፈጅ ጥንቃቄን በአንድ ቃል ሲጥሉት ቅር ይለኛል። እኔ ዘር ደፍቶ መተኛት አላስተምርም። ጥቁርና ነጭ የተቀባችው ሳህን በገመድ ትውረድ፤ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከዓይን ከጠፋች ውሃው ደህና ነው። 15 ላይ ከጠፋች የዚያን ቀን መኖ ይቁም። ፒኤችም ከሰዓት በኋላ ይለካ፦ ውሃው 28 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 9 ከደረሰ፣ ዓሣው ከሚያስወጣው ቆሻሻ ከሚመጣው አሞኒያ 40 በመቶ ያህሉ ዓሣ የሚመርዘው ዓይነት ነው። በዚያን ሰዓት ዘር አይጨመርም፤ ውሃ ይቀየራል።

ተቃዋሚ፦
«መኖ ይቁም» አሉ፤ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም። 15 ሴንቲ ሜትር ግን ዘግይቷል። 20 ላይ መኖው በግማሽ ይቀነስ፤ ዘርዎን ከዚያ በኋላ ያፍስሱት።

ደጋፊ፦
20 ላይ ይቀነስ፣ እስማማለሁ። ዘሩ ግን «ከዚያ በኋላ» አይደለም። ሳህኗ 20 ላይ ስትጠፋ ቦታው ተይዟል፤ ዘር ሳህኗ ገና 50 ላይ ሳለች ነው የሚገባው።