የጀግናዬን ታሪክ አትንኩብኝ

ምናለ ፊልም ሠሪዎቹ በኮሚክስ (በሥዕል በሚተረክ መጽሐፍ) አንዴ የተጻፈውን ቢተዉት! ስፓይደርማንን የወደድኩት በጉልበቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሲፈጠር ድር መተኮሻውን የሠራው ራሱ ነው። ገንዘብ የሌለው ተማሪ፣ ክፍሉ ቁጭ ብሎ ኬሚካል ቀምሞ፣ እጅ አንጓው ላይ የሚታሰር መሣሪያ ገጣጥሞ። ጠብ መሃል ድሩ ሲያልቅበት ልባችን ይሰቀል ነበር። ከዚያ የ2002ቱ ፊልም መጣና ድሩን ከገዛ ሥጋው አወጣው። በቃ፣ የልጁ ጭንቅላት ከታሪኩ ወጣ። ይሄ ያንገበግበኛል።

ባትማንም አልተረፈም። በኮሚክሱ ወላጆቹን የገደለው ጆ ቺል የሚባል ተራ ወንበዴ ነው። በ1989ኙ ፊልም ግን ገዳዩ ጆከር ሆኖ አረፈው። ያ ሞት የሚያመው እኮ ገዳዩ ማንም ስለሆነ ነው! ዋና ጠላቱ ካደረጉት ነገሩ የግል ቂም ይሆናል።

የሱፐርማን ደረት ላይ ያለችው «S» ፊደልስ? በ1938 የስሙ መነሻ ፊደል ነበረች። በ1978ቱ ፊልም የቤተሰቡ አርማ ሆነች። በ2013ቱ ደግሞ «ተስፋ ማለት ናት» ተባለ። ትርጉሙ ያምራል፣ አልክድም። ግን ልጅ ሆኜ ደብተሬ ላይ በእስክሪብቶ ደጋግሜ የሳልኳት ፊደል ናት። እሷን መልሱልኝ።