ለክቡር ትራንስፎርመር፣ ባሉበት ምሰሶ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ማታ በጎረቤት ፊት ስላደረሱብኝ ውርደት

ክቡር ሆይ፣ ከደሴ ሰፈራችን ምሰሶ ላይ ሆነው ለሰጡን የረዥም ዘመን አገልግሎት ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። አገልግሎት ስል፣ ዝናብ ባረገዘ ቁጥር ሻማ ሻጩን ማበልጸግዎንም ይጨምራል።

ቅዳሜ ማታ የየቤቱ ሊጥ ኩፍ ብሎ ምጣዱ ሁሉ በጋለበት ሰዓት፣ እንደ ልማድዎ ዷ ብለው ሰፈሩን አጨለሙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ሆነው ሳያዩት አልቀሩም። ጎረቤቱ የስልኩን መብራት እያበራ በሬን ከበበ፤ አንዱም ከመስኮቴ እስከ ኤሌክትሪክ መኪናዬ የተዘረጋውን ገመድ የሌባ ዱካ እንዳገኘ ሰው ጎንበስ ብሎ ይከተል ጀመር። ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣው ሐጂ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ መኪናይቱ ጠግባ እንደሆነ ለእኛም ይተርፈን ይሆን ብለን ነው» አሉኝ። ግማሽ ሊጣቸው ሳይጋገር የቀረባቸው እትዬ ግን ትሕትና አላበዙም፤ «አንተ መኪናህን ስታበላ የኔ ልጆች ምን ይቅመሱ?» ሲሉ መብራቱ ሁሉ ፊቴ ላይ ዞረ። ቻርጀሩን ነቅዬ ለሽማግሌዎቹ በእጃቸው አስረከብኩ። በማግስቱ ሊጠግንዎ የመጣው ባለሙያም መሰላሉን ሳይዘረጋ የጠየቀው «መኪና የሚሰካው የትኛው ነው?» ብሎ ነበር።

ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር ስሞላ ከእርስዎ የምወስደው 2.2 ኪሎዋት ገደማ ሲሆን፣ የእትዬ ምጣድ ብቻውን ከዚያ በላይ እንደሚስብ በዚያ ጨለማ ውስጥ ለማን ላስረዳ? እርግጥ ነው፣ ምጣዱ ጋግሮ ይጠፋል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው የመኪናዬ ባትሪ ግን ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ ከ27 ሰዓት በላይ ተሰክቶ ውሎ ማደር አለበት፤ ያውም እርስዎ ካልጠፉ።

ይህን ለማሳጠር ከተራው የቤት ቆጣሪ የበለጠ ኃይል የሚያሳልፈውን ሶስት ፌዝ ቆጣሪ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰልፉን የማያውቅ የለምና አልተርከውም። ተራዬ ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው «ወፍጮ ሊተክሉ ነው ወይስ ብየዳ ቤት?» አለኝ። «ለመኪና ነው» ስለው ቅጹን አገላብጦ አይቶ፣ መኪና የሚል ቦታ ስላጣ፣ የጋራዥ ንግድ ፈቃድ አምጣ ብሎ ሸኘኝ።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መኪናዋ ፍጥነቷን ስትገታ ኃይል መልሳ ስለምታመነጭ፣ የሐረጎ ቁልቁለት ባትሪዬን በጥቂቱም ቢሆን ይሞላልኛል፤ እስካሁን ማመልከቻ አልጠየቀኝም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ እኛም እልል ብለናል። ያ ሁሉ ኃይል ግድቡ ካለበት ከጉባ ተነሥቶ ተራራ ለተራራ ከተጓዘ በኋላ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች የሚያልፈው በእርስዎ በኩል ነው፤ በእርስዎ ላይ ስንት ቤት፣ ስንት ምጣድና ስንት መኪና እንደተንጠለጠለ የመዘገበ ማን ነው? መኪናው ሲገባ ቀረጥ ተከፍሏል፣ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ የት ሰፈር አድሮ ከየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚሞላ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ቢጠየቅ ኖሮ፣ ሳይፈነዱ በፊት በተለቅ ባለ ይተኩ ነበር። ምጣዱ ሁሉ ቀዝቅዞ እርስዎ ሥራ በሚፈቱበት ሌሊት የሚሞላ ሰው በቅናሽ ዋጋ ቢሞላ ኖሮ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከእትዬ ምጣድ ጋር የሚሻማ ባልኖረ ነበር። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ግን ሰዓት አይለይም፤ የወሩ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ በሌሊት ተሞላ በማታ። ሊታቀድ የሚገባው ነገር ስላልታቀደ፣ ኃይል ማደላደል የሐጂና የእኔ የበር ላይ ድርድር ሆኖ ቀረ!

ከአክብሮት ጋር
የመኪናዋ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን እድር፣ በእትዬ ሊጥ ጉዳይ እንዳይቀጣኝ
ለሰፈራችን ወፍጮ ቤት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሶስት ፌዙን ያውሰኝ ዘንድ