ዓድዋ ማርች 1 ወይስ ማርች 2? የታሪክ ቀን የሚስትበት ሒሳብ

የካቲት አጋማሽ ባለፈ ቁጥር «ዛሬ በታሪክ» የሚል ዓምድ ያላቸው ድረ ገጾችና የፌስቡክ ገጾች ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ የዓድዋን ድል ማርች 1 ላይ ይዘክራል፣ ገሚሱ ማርች 2 ላይ። ከሥር ደግሞ አንባቢው «ታሪክ አታውቁም» እየተባባለ ይነቋቆራል። ጠቡ የሚነሣው ከአንዲት ቀን ሒሳብ ነው፤ ሒሳቧን የሚያስረዳ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያ ዕለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። የዘንድሮው የካቲት 23 ግን ማርች 2 ነው፤ የአምናውም ነበር፣ የከርሞውም ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም ቀን ትክክል ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል እንጂ። ማርች 1 «መቼ ሆነ?» ለሚል መልስ ነው፣ ማርች 2 «በዓሉ መቼ ይውላል?» ለሚል። ስሕተት የሚሆነው ሁለቱ ተደባልቀው «ማርች 2 ቀን 1896» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ይህን አጻጻፍ በተደጋጋሚ እናየዋለን፤ ለልጆች በሚዘጋጁ ጽሑፎች ላይ ሲገኝ ደግሞ ያሳዝናል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፤ አንድም ጊዜ አይዘልም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን በ100 የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላል። 1900 በ400 አይካፈልም፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ በ28 አበቃ። በእኛ ቀኑ የካቲት 21 ቀን 1892 ነበር። በማግሥቱ፣ የካቲት 22፣ እነሱ ማርች 1 አሉ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። 2000 በ400 ስለሚካፈል ምንም አልተለወጠም፤ የአሁኑ ርቀት እስከ 2100 ፌብሩዋሪ ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ፣ ገናም ጃንዩዋሪ 8 ላይ ይውላሉ።

አሁን ያለውን ርቀት ለማስላት የየወሩን መባቻ ማወቅ ይበቃል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዩዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ነው። ከመባቻው ተነሥቶ ቀን መቁጠር ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት ማስተካከያ አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እነዚህ ላይ ነው።

አንደኛው የዘመኑ ወንጌላዊ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች ማለት ነው። ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ከላይ ባለው ዝርዝር ላይ አንድ ቀን ይጨመራል። ከየካቲት 22 ወዲህ ፌብሩዋሪ 29 ገብታ ስለምታስተካክለው ጭማሪው ይቀራል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። ከየካቲት 22 ቀን 1892 በፊት ወደ ኋላ ላሉት መቶ ዓመታት ከውጤቱ አንድ ቀን ይቀነሳል። ዓድዋ የምትገኘው እዚህ ውስጥ ነው፤ በዝርዝሩ ማርች 2 የሚወጣው ተቀንሶ ማርች 1 ይሆናል።

ለማረጋገጥ የሚጠቅመው መሣሪያ የሳምንቱ ቀን ነው። ዓድዋ እሑድ እንደነበረች የእኛም የጣሊያንም ምንጮች ይስማማሉ። ማርች 1 ቀን 1896 እሑድ ነው፤ ማርች 2 ሰኞ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከሰፈረበት ከሳውሪያ የተነሣው ቅዳሜ ምሽት በ3 ሰዓት ግድም ሲሆን ዕለቱ ፌብሩዋሪ 29 ነበር፤ 1896 በእነሱ ዘንድ ሠግር ዓመት ነበራ። የአልቤርቶኔ፣ የአሪሞንዲና የዳቦርሚዳ ዓምዶች በጨለማ ተራራ ለተራራ ተጉዘው፣ አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት በተባለው ኮረብታ ስም ተሳስቶ ከሌሎቹ ርቆ ወደ ፊት ገፋና ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። ይህን ሌሊት የሚተርክ ጸሐፊ ፌብሩዋሪ 29ን ከዘነጋ የጉዞው ሰዓት ከነምክንያቱ ይፋለስበታል፤ አንድ ሙሉ ቀን ከየትም ይጨምራል።

የዚያ ዘመን ሌሎች ቀኖችም በዚሁ ሒሳብ ይሄዳሉ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የተሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፤ ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ ሰኞ። የዛሬው ሚያዝያ 6 ግን ኤፕሪል 14 ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ሜይ 2 ቀን 1889 ነው። ከዓድዋ በኋላ የተፈረመው የአዲስ አበባ የሰላም ውል ጥቅምት 17 ቀን 1889፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1896 ነው፤ በዛሬው ርቀት ቢሰላ 27 ይወጣ ነበር። አፄ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ ኦገስት 17 ቀን 1844፤ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1913። የልደታቸው ቀን ተቀናሽ አለው፣ የዕረፍታቸው የለውም፤ 1892 በመሀል ስለገባ። ሁለቱን ቀኖች በአንድ ዓይነት ርቀት ያሰላ ሰው አንዱን መሳቱ አይቀርም።

አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ምሳሌ ልጨምር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ ጁላይ 23 ቀን 1892 ይላሉ፤ ጃማይካ ያሉ ራስታዎችም በየዓመቱ ጁላይ 23ን ያከብራሉ። ማክበሩ ልክ ነው፤ የዛሬው ሐምሌ 16 ጁላይ 23 ነውና። በ1884 የነበረው ሐምሌ 16 ግን በሒሳቡ ጁላይ 22 ላይ ይወድቃል። በሃያኛው መቶ ዘመን የነበረውን ርቀት ወደ ኋላ ወስዶ መለጠፍ ከታላላቅ መጻሕፍትም አላመለጠም። ጸሐፊ ሆይ፣ የውጭ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ያገኘኸውን ቀን ወደ አማርኛ ከመመለስህ በፊት አማርኛውን ቀን ፈልግና ራስህ አስላ።

የዘመነ ዮሐንስን ጭማሪ የዘነጋ ደግሞ የፋሺስት ወረራ ላይ ይሰናከላል። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። በተለመደው ዓመት ኦክቶበር 3 መስከረም 23 ነው። 1928 ግን ለአራት ተካፍሎ ምንም አይተርፈውም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቀን መስከረም 22 ነው። የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ የተጀመረበት የካቲት 12 ቀን 1929 ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937፣ ዓርብ ዕለት ነበር፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። የሰማዕታቱን ቀን በፈረንጅ ካላንደር ላይ «በየዓመቱ ይደገም» ብሎ የሞላ ሰው በየአራት ዓመቱ አንዴ በዋዜማው አበባ ያስቀምጣል።

የዓመቱን ቁጥር በተመለከተ ባጭሩ፦ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከጃንዩዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። የእነጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1960 ነው። ስምንት የቀነሰ ሰው 1952 ላይ ይጥለዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ቀን ነው ወይ? አዎን፣ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ የድርጊቱን ምክንያት ይዟልና። ደብረ ሊባኖስን እንውሰድ። የፈረንጁ መዝገብ በሜይ 1937 ሁለተኛ አጋማሽ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ይላል፤ ከዚህ ቀን ምንም አይነበብም። በእኛ አቆጣጠር ግን ሜይ 20 ግንቦት 12 ነው፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም። መነኮሳቱ፣ ዲያቆናቱና ተሳላሚው ሕዝብ ለበዓሉ በተሰበሰቡበት ሰሞን የጄኔራል ማሌቲ ጦር ገዳሙን ከበበ። ግድያው በማግሥቱ ተጀመረ። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መረሸናቸውን አስታወቀ፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቹን ቁጥር ከዚያ በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርጉታል። ለምን ያን ያህል ሰው አንድ ቦታ ተገኘ የሚለውን ጥያቄ የምትመልሰው «ግንቦት 12» የምትለዋ ቃል ናት። «ሜይ 20» ብቻ ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ የታሪኩን ግማሽ ጥሎታል። የዓድዋ 23ም የጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ የካቲት 12 የሚካኤል፤ ሚያዝያ 27 የመድኃኔ ዓለም። የዘመኑ ሰው ቀኑን የሚያስታውሰው በእነዚህ ነበር፤ የቃል ምስክርነት ስንሰበስብም አባቶችና እናቶች የሚነግሩን በእነዚህ ነው። «በሚካኤል ዕለት» ያሉንን ወደ 12 መመለስ የመዝጋቢው ሥራ ነው።

ሚያዝያ 27 ለብቻዋ ጥቂት ቃል ይገባታል። በዚህች ዕለት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ሆነዋል። በ1928 (ሜይ 5 ቀን 1936) የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በ1933 (ሜይ 5 ቀን 1941) አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በእንጦጦ በኩል ዋና ከተማቸው ገቡ። ልክ በአምስተኛው ዓመት። «የሚገርም ግጥምጥሞሽ» እያሉ የሚያቀርቡት አሉ። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 (ኤፕሪል 6) ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። የእንግሊዝ አዛዦች በከተማዋ ላሉት ጣሊያናውያን ደኅንነት እንሰጋለን በሚል ሳምንታት አዘገዩአቸው። መግቢያቸው ሚያዝያ 27 ላይ ሲውል ወራሪው የገባበት ቀን በድል እንዲሻር ተደርጎ ነው፤ ዕለቱ የአዋጅ ያህል ይናገር ነበር። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ያዛወረውም ንጉሡን ከዕለቱ ለማውጣት ነው፤ ከ1983 ወዲህ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ።

ስለዚህ «ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ነፃ የወጣችበት ቀን» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «ጦርነቱ ያበቃበት ቀን» ማለትም እንዲሁ። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው፤ ጎንደር የተያዘችው ኅዳር 18 ቀን 1934 (ኖቬምበር 27 ቀን 1941) ነው። አርበኞቹ በዚያ መሀል ባሉት ከስድስት ወር በላይ ሲዋጉ፣ ሲሞቱም ነበር። ኅዳር 18ን የሚያስታውስ ዓምድ ማየት እንሻለን።

ለአዘጋጆች የምንጠይቀው ይህ ነው። ኢትዮጵያዊው ቀን ይቅደም፤ የዚያን ዓመት የአውሮፓ ቀን ከነዓመቱ ይከተል፤ የዘንድሮው መታሰቢያ የሚውልበት የፈረንጅ ቀን በሌላ ዓረፍተ ነገር ይነገር። ለዓድዋ ሲሆን፦ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (ማርች 1 ቀን 1896)። በዓሉ ዘንድሮ ማርች 2 ይውላል።» ይኸው ነው። የሳምንቱን ቀን መጨመር ደግሞ አንባቢ ራሱ እንዲያመሳክር ያስችለዋል።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ሌላ ጥያቄ አለባቸው፤ ሰዓቱ። በየካቲት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ሲነጋ ዋሽንግተን ገና የዋዜማው ምሽት 4 ሰዓት ነው፤ የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ከምኒልክ አደባባይ የሚተላለፈውን በቀጥታ ለማየት የፈለገ ሰው ማርች 1 ማታ መቀመጥ አለበት። ቴል አቪቭ ላለ አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ብቻ ትቀድመዋለች፣ ሪያድ ላለ እኩል ነው። አዳራሽ ተከራይቶ መርሐ ግብር ለሚያዘጋጅ ግን ቀኑ ማርች 2 ነው፤ ለእሑድ እንዲመች ቢዛወር እንኳ በጥሪ ወረቀቱ ላይ የካቲት 23 ተብሎ መጻፍ አለበት።