ገንዘቡማ ድሮም ነበር

ከጁላይ 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኛ ተማሪዎቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዶላቸዋል። የፌዴራል ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ ማከፋፈል ይችላል። የሚበዛው ገንዘብ የሚሄደው ለፉትቦል ነው፤ ኳሷን በእጅ ይዘው ለሚሮጡበት ለአሜሪካው ጨዋታ ማለቴ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው፤ «ድሮ ልጆቹ የሚጫወቱት ለትምህርት ቤታቸው ክብር ነበር፣ አሁን ግን ገንዘብ ገብቶ አበላሸው።» ፈረንጆቹ የስፖርት ተንታኞችም ይህንኑ ያላዝናሉ።

የትኛው ድሮ? የእኔ ጥያቄ ይህ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ገና በሁለት እግሩ ሲቆም የነበረውን ዘመን ካነሳን፣ ከ1912 የካርላይል ቡድን የተሻለ ምስክር አላገኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርላይል በፔንሲልቬንያ ግዛት የሚገኝ፣ መንግሥት በ1879 በቀድሞ የጦር ሰፈር ውስጥ የከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ያኔ «ቀይ ሕንዶች» ይባሉ ከነበሩት ከነባር አሜሪካውያን የመጡ ልጆች ናቸው። መሥራቹ ሪቻርድ ፕራት የተባለ የጦር መኮንን ሲሆን ዓላማውን በ1892 ባደረገው ንግግር ራሱ ተናግሮታል፤ ሕንድነቱን ግደሉት፣ ሰውየውን አድኑት። ልጆቹ እንደደረሱ ጸጉራቸው ይቆረጣል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መነጋገር ክልክል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የነበረው የላኮታው ሉተር ስታንዲንግ ቤር ስሙን እንዴት እንዳገኘ ተርኳል። በሰሌዳው ላይ የማያነበው ጽሑፍ ተደርድሯል፤ እንጨት አስይዘው «ምረጥ» አሉት። አንዱን ነካ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሉተር ሆነ። ከ1879 እስከ 1918 ድረስ 7,800 ያህል ልጆች በዚያ በር አልፈዋል። ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ የቀሩም አሉ፤ በግቢው መቃብር ያረፉትን የአሜሪካ ጦር ከ2017 ጀምሮ አጽማቸውን እያወጣ ለየቤተሰቦቻቸው እያስረከበ ነው።

እንግዲህ ከሃርቫርድና ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚጋጠመው ይህ ትምህርት ቤት ነው። ኮሌጅ እንኳ አልነበረም። ልጆቹ በክብደት ስለሚያንሱ ፍጥነትንና ብልሃትን መሣሪያቸው አደረጉ። አሰልጣኙ «ፖፕ» ዋርነር በ1903 ከሃርቫርድ ጋር ሲጫወቱ የሠራው ተንኮል እስከ ዛሬ ያስቃል። አስቀድሞ የአንዱ ተጫዋች ማልያ ከወገቡ ላይ ላስቲክ ተሰፍቶበታል። ሃርቫርዶች ኳሷን ሲመቱ ካርላይሎች ተቀብለው ክብ ሠርተው ተሰበሰቡ፤ ኳሷን በቻርልስ ዲሎን ማልያ ጀርባ ሸጎጧትና ሁሉም ኳስ የያዙ መስለው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ሃርቫርዶች ያልያዘውን ሁሉ ሲያሳድዱ ዲሎን ባዶ እጁን እያወዛወዘ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ። (ጨዋታውን ግን ሃርቫርድ 12 ለ 11 አሸንፏል።)

በ1912 ደግሞ ጂም ቶርፕ ነበር። የሳክ ኤንድ ፎክስ ጎሳ ተወላጅ የሆነው ቶርፕ በዚያው ክረምት ስቶክሆልም ላይ በፔንታትሎንና በዴካትሎን (አምስትና አሥር የአትሌቲክስ ዓይነቶች በተጣመሩባቸው ውድድሮች) ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቆ ነበር የተመለሰው። ቡድኑ ሲራክዩስን 33 ለ 0 ረታ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ጆርጅታውንን 34 ለ 20 አሸነፈ። ኖቬምበር 9 ቀን ወደ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ወጣ። የአሜሪካ ጦር ላኮታዎችን ከፈጀበት ከዉንድድ ኒ ጭፍጨፋ ወዲህ ገና 22 ዓመቱ ነው፤ የጦሩ ዕጩ መኮንኖችና የእነዚያ ጎሳዎች ልጆች በአንድ ሜዳ ተፋጠጡ። ከአካዳሚው ተሰላፊዎች አንዱ ድዋይት አይዘንሃወር የሚባል፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነ ወጣት ነበር። ግዙፉ የአካዳሚው አምበል ሊላንድ ዴቮር በክብደት ከእሱ በብዙ የሚያንሰውን ጆ ጋዮንን መቋቋም ቢያቅተው ተናዶ ጥፋት ሠራና ከሜዳ ተባረረ። ካርላይል 27፣ ዌስት ፖይንት 6።

በሳምንቱ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 34 ለ 26 ተሸነፉ። የዓመቱ ውጤት 12 ድል፣ አንድ ሽንፈት፣ አንድ እኩል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ካርላይል ትልልቆቹን ጨዋታዎች የሚያደርገው ከሜዳው ውጭ፣ ተመልካች በሚጎርፍባቸው ከተሞች ነበር። ከትኬት ሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ የሚገባው ወደ መንግሥት ካዝና ሳይሆን አሰልጣኙና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ወደሚያዙበት የስፖርት ሒሳብ ነው። ተጫዋቾቹ ሙሉ ልብስና ካፖርት ያገኙ ነበር። በ1914 የቡድኑ ኳርተርባክ (የማጥቃት ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ጋስ ዌልች ከ200 በላይ የተማሪዎች ፊርማ አሰባስቦ አቤት አለ፤ የኮንግረስ ኮሚቴም ካርላይል ድረስ መጥቶ ምስክር ሰማ። ልጆቹ ስለ ዋርነር ስድብና ስለ ገንዘቡ አያያዝ ተናገሩ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከሥራው ተነሳ። ዋርነር ደግሞ ወደ ፒትስበርግ ሄዶ ዝናውን ቀጠለ፤ የልጆች ፉትቦል ሊግ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ዌልችን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ቶርፕ ራሱ ምን ደረሰበት? በጃንዋሪ 1913 አንድ ጋዜጣ ሰውዬው በ1909 እና በ1910 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ለጥቂት ዶላር ቤዝቦል እንደተጫወተ አወጣ። የሌሎች ኮሌጆች ልጆችም በየክረምቱ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የሐሰት ስም ይጠቀማሉ። ቶርፕ በገዛ ስሙ ተጫወተ። «አማተር (ያለ ክፍያ የሚጫወት) አይደለህም» ተብሎ ሜዳሊያዎቹ ተነጠቁ፤ ለተቃውሞ ደንቡ የሚፈቅደው 30 ቀን ካለፈ ወራት መቆጠሩን ያነሳ አልነበረም። እሱ እንዲያው የሕንድ ተማሪ ልጅ ነበርኩ፣ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሁሉን አላውቅም ነበር ብሎ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። በእሱ ትከሻ የተሸጠው ትኬት ማንንም ከአማተርነት አላወጣም። ኦሎምፒክ ኮሚቴው በ1982 «የጋራ አሸናፊ» ብሎ መለሰው፤ ብቸኛው አሸናፊ እሱ መሆኑ የታወቀው በ2022 ነው። ያኔ ከሞተ 69 ዓመት ሆኖታል።

ከሞት በኋላም አልተረፈም። ሦስተኛ ሚስቱ ቱሪስት ለመሳብ ከሚፈልጉ የፔንሲልቬንያ ትንንሽ ከተሞች ጋር ተስማምታ አስከሬኑን ሰጠች። ከተሞቹም ተዋሕደው ስሙን ወረሱ። ወንዶች ልጆቹ አባታችንን ወደ ኦክላሆማ፣ ወደ ወገኖቹ መሬት እንውሰደው ብለው ቢከራከሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ጉዳዩን አላይም አለ።

ስለዚህ ለተጫዋች መከፈሉን እንደ አዲስ ርኩሰት የሚያይ ሰው አያሳምነኝም። የዛሬው ስምምነት የሚያስተቸው በሌላ በኩል ነው፦ ለስታዲየም ገቢ ጉልበቱን የሚገብረው ልጅ ድርሻ ቢያገኝም ተቀጣሪ መሆኑን አላረጋገጠለትም፤ ስለዚህ እንደ ሠራተኛ ማኅበር ሆኖ የሚደራደርበት መብት የለውም። ክፍያውን የሚወስነው ሌላ፣ ጣሪያውን የሚያበጀውም ሌላ ነው። ልጁ የኮሌጅ የፉትቦል ውል ይዞ ቤት የመጣ ወላጅ ብሆን ከዶላሩ ቁጥር አስቀድሜ የምፈልገው ገጽ፣ የጉልበቱ ጅማት በሁለተኛው ዓመት ቢበጠስ የሕክምናውን ወጪና የቀረውን የትምህርት ክፍያ ማን እንደሚሸፍን የሚለውን ነው።