የቬሪቶ ሌንስን ከቫዝሊን ጋር አታወዳድሩት
"የድሮ ሶፍት ፎከስ ሌንስ (ምስሉን ሆን ብሎ የሚያለሰልስ) ማለት ተራ ሌንስ ላይ ቫዝሊን መቀባት ነው" የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። ቫዝሊኑ የተቀባበትን ያደበዝዛል በቃ፣ ዎለንሳክ የሚባለው ድርጅት የሰራው ቬሪቶ ግን ስፌሪካል አበሬሽኑ (በሌንሱ ጠርዝና መሀል የሚያልፈው ብርሃን አንድ ቦታ ላይ አለመገናኘቱ) ሆን ተብሎ ስለተተወ ከስር ጥርት ያለ ምስል አለ ከላዩ ደግሞ ብርሃን ይፈስበታል። ደብረ ማርቆስ ደጃችን ላይ አያቴን ነጠላ ለብሳ በ4 በ5 ኢንች ፊልም አንስቻታለሁ፣ ኤፍ 4 ላይ (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ሙሉ ሲከፈት ነጠላው ጢስ የሚጨስ ነው የሚመስለው ጥለቱ ራሱ አይለይም፣ ወደ 8 ስትዘጋው ደግሞ ተራ ሌንስ ወደመሆኑ ይጠጋል፣ እኔ የምወደው 5.6 አካባቢ ነው። ግን ጉድ የሚሰራችሁ ፎከሱ ነው፣ 4 ላይ አስተካክዬ 8 ላይ ሳነሳ ጥራቱ ከአይኗ ሸሽቶ ጆሮዋ ጋ ሹሩባው ላይ አረፈ፣ ሁለት ፊልም በከንቱ (እዚህ ደግሞ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም!)። የምታነሱበት ቀዳዳ ላይ ዘግታችሁ ፎከስ አድርጉ። ኢማጎን (ሌላው ሶፍት ፎከስ ሌንስ) ይሻላል የምትለው ወንድሜ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ዲስኩን አስገብተህ ከዛፍ ስር አንሳና እየው እስኪ፣ በቅጠሉ መሀል የሚያበራው ሁሉ ወንፊት ወንፊት ነው የሚመስለው።