ማስተካከያ፦ ከኦሲሎስኮፕ እርከን በታች ያለ ሲግናልም ሊገኝ ይችላል

ባለፈው ጽሑፌ ስለ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን መለዋወጥ በሞገድ መልክ የሚያሳይ መለኪያ) «ባለ 8 ቢት ኦሲሎስኮፕ ከአንድ እርከኑ ያነሰ ሲግናል በምንም መንገድ አያሳይም» ብዬ ነበር። ስህተት ነው።

ባለ 8 ቢት መሣሪያ የሚለካውን ቮልቴጅ በ256 እርከን ይከፍላል። ሙሉ ስፋቱ 8 ቮልት ከሆነ አንዱ እርከን 31 ሚሊቮልት ገደማ ነው። 5 ሚሊቮልት ሲግናል በሞገዱ ምስል ላይ ለዓይን አይለይም። በኤፍኤፍቲ (ሲግናልን በየፍሪኩዌንሲው ከፋፍሎ በሚያሳይ ስሌት) ግን ሊወጣ ይችላል። የሚረዳን፣ የሚገርመው፣ ኖይዙ (ከሲግናሉ ጋር የሚደባለቀው የዘፈቀደ ረብሻ) ነው። ሲግናሉን ከእርከን እርከን ያሻግረዋል። ኤፍኤፍቲ ደግሞ ኖይዙን በብዙ ፍሪኩዌንሲ ይበትነዋል፤ ሲግናሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በዲጂታል ሲግናል መማሪያ መጻሕፍት ባለው የታወቀ ቀመር፣ በ4096 ናሙና የኖይዙ ወለል (በኤፍኤፍቲው ምስል ግርጌ የሚታየው የኖይዝ ደረጃ) 33 ዲሲቤል ያህል፣ ማለትም በኃይል 2000 እጥፍ ገደማ፣ ይወርዳል።

ኖይዝም ሌላ ትልቅ ሲግናልም ከሌለ፣ ትንሿ ሲግናል አንድ እርከን ውስጥ ተቀርቅራ ልትቀር ትችላለች። ያኔ ኤፍኤፍቲም አያድናትም።

በኔ ጽሑፍ ተማምናችሁ «ፓወር ሰፕላዩ ሪፕል (በቀጥተኛው ቮልቴጅ ላይ የሚቀር ትንሽ መዋዠቅ) የለውም» ያላችሁ፣ እባካችሁ በኤፍኤፍቲ ድጋሚ ለኩ። ጉብታ ካያችሁ የፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) ጫፍ መጀመሪያ ከሰርኪዩቱ አላቃችሁ ከራሱ ግራውንድ ጋር አገናኙት። ጉብታው ካልጠፋ የፓወር ሰፕላያችሁ ሪፕል ላይሆን ይችላል።