«ውሃ ይመጣል» ለሚል ማስታወቂያ ማን ላይክ ያደርጋል?

የካ አባዶ ያለው የእኛ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ የነዋሪዎችን የቴሌግራም ግሩፕ ዘጋው። ከአሁን በኋላ ሁሉም ነገር በአዲሱ አፕ ነው ተባልን። አፑ ደግሞ ጽሑፎችን በተለጠፉበት ሰዓት አይደረድርም። ላይክና ኮሜንት የበዛለት ከላይ ይወጣል፣ ያልበዛለት ወደ ታች ይወርዳል። ለምን ብለን ስንጠይቅ አፑን የሠራው ወጣት ፈገግ ብሎ «እኛ ምንም አንመርጥም፣ ሕዝቡ ራሱ ነው የሚመርጠው» አለን። ግማሹ ሰው አጨበጨበለት።

ይቺ «ሕዝቡ ራሱ» የምትባል ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብላለች።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሰሞኑን አንድ የኮሚቴ አባል «ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ስላለ በርሜልና ጀሪካናችሁን አዘጋጁ» ብሎ ለጠፈ። ማን ላይክ ያደርገዋል? ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አንብቦ በርሜሉን ሊያጥብ ይነሳል እንጂ ላይክ አይገጭም። ከላይ ተንሰራፍቶ የዋለው ግን ሁለት ጎረቤቶች በመኪና ማቆሚያ ሲጣሉ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ሁሉም ዳኛ ሆኖ ኮሜንት ሲያዘንብበት ነበር። በማግስቱ ከላያችን የሚኖሩት እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ውሃ እንደሚመጣ ተጽፎ ነበር እንዴ? እኔ ያየሁት ጠቡን ብቻ ነው» አሉኝ።

እኚህ ሴት መቼ ነው የመረጡት? ሰው የሚመርጠው ካሳዩት ውስጥ ነው። አፑ ጠቡን ከላይ ያስቀምጣል፣ ከላይ ስለሆነ ይታያል፣ ስለታየ ላይክ ያገኛል፣ ላይክ ስላገኘ ደግሞ ከላይ ይሰነብታል። ከዚያ «ሕዝቡ መረጠ» ይባላል!

ይህን የምለው ተበሳጭቼ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስ እና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትን ሙከራ ሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተው ነበር። ብዙም የማይታወቁ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች አቀረቡ። ሰዉን በዕጣ ለያይተው፣ የሌላውን ምርጫ ከማያየው አንድ ቡድን ሌላ፣ ስምንት ቡድን አደረጉት። ከስምንቱ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ሰዎች የትኛውን ዘፈን ስንት ጊዜ እንዳወረዱ ብቻ ያያል። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፣ ሰዉም ያው ነው። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። አንዱ ዘፈን በአንዱ ቡድን 1ኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ሆነ። ዘፈኖቹ በደረጃ ተደርድረው ሲቀርቡማ ነገሩ ባሰበት፤ ታዋቂው ይበልጥ ታዋቂ ሆነ፣ ማን እንደሚያሸንፍ መገመትም ይበልጥ ከበደ። ታዲያ የትኛው ቡድን ነው «ሕዝቡ ራሱ»? መጀመሪያ የደረሱ ጥቂት ሰዎች የቀሩትን ይዘው ነጎዱ፣ አለቀ።

እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ይታወቃል። ቢሮው ዋይፋይ ያለው ነው። ፓኬጅ ያለቀበት ማታ ሲገባ ሰልፉ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ጠብ ለምን ከላይ እንደሚንሳፈፍም አዲስ ነገር አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የስሜት ምልክቶችን፣ የቁጣዋን ቀይ ፊት ጨምሮ፣ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይቆጥራቸው ነበር። የቁጣዋን ክብደት ዜሮ ያደረገው በ2020 ነው። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ኢንጂነር ይዞ ሦስት ዓመት ከፈጀበት፣ የእኛ ኮሚቴ በአንድ ስብሰባ ጨርሶታል ብዬ እንዳምን አትጠብቁኝ። ቁጥሩን የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ላይክ ስንት ይመዝን፣ ኮሜንት ስንት፣ ሰዓቱ ስንት ብሎ የወሰነ ሰው «እኛ ምንም አንመርጥም» ሲል ትንሽ ማፈር ነበረበት።

«ወደ ታች ስክሮል አድርጉ» የሚሉም አሉ። ለእኚያ እናት ሄደው ይንገሯቸው።

ቀልዱንና ቪዲዮውን እንደፈለጉ ይደርድሩት፣ ግድ የለኝም። የውሃ፣ የመብራት፣ የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ ግን በሰዓቱ ቅደም ተከተል ለብቻው ይቀመጥ። ላይክ የሚባል ነገርም አይድረስበት። እስከዚያው የቴሌግራም ግሩፑን ክፈቱልን። ለመሆኑ የተዘጋው ማን ቅሬታ አቅርቦበት ነው?